የጫት ኀይልና የነርቭ ሕዋስ በር

በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው በባቲ፥ አማራ፥ ኦሮሞና አፋር በሚገበያዩበት ሥፍራ፥ የጫት ነጋዴ እስሩን በእርጥብ ቅጠል ሸፍኖ ሳይጠወልግ ለመሸጥ ይጣደፋል። የዚህ ልማድ ምክንያት ምን እንደሆነ፥ ቅጠሉስ በአንጎል ላይ በምን መንገድ እንደሚሠራ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለብዙ ዘመን የጫት ኀይል ካቲን ከተባለው ንጥረ ነገር እንደሚመነጭ ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለ፥ ከካቲን የበረታ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ በአብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የነጋዴው ጥድፊያም ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ለጎረቤታቸው መልእክት ሲልኩ ዶፓሚን የተባለውን ቅመም ይረጫሉ፤ መልእክቱ ሲያበቃም በገጻቸው ላይ ባለ ተሸካሚ ፕሮቲን መልሰው ያስገቡታል። እንግዲህ ካቲኖን የሚሠራው በጎረቤቱ ሕዋስ ተቀባይ ላይ በማረፍ ነውን? ወይስ በዚህ በር በኩል?

በሕያው አንጎል ውስጥ ብዙ ነገር ስለሚደባለቅ ይህን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በሆላንድ አገር በሌይደን ከፅንስ ኩላሊት የተዘጋጀውንና በብልቃጥ የሚራባውን የሰው ሕዋስ ይጠቀማሉ። የተሸካሚው ጂን ሲጨመርለት ሕዋሱ በሩን ይሠራል። ከዚያም ምልክት የተደረገበት ዶፓሚን ይሞላና ካቲኖን ይጨመርበታል፤ ዶፓሚኑም ወደ ውጭ ይፈሳል። በሩ አስቀድሞ በሌላ መድኃኒት ከተዘጋ ግን ፍሰቱ ይገታል። ከዚህ የምንረዳው ካቲኖን የበሩን አሠራር ወደ ኋላ የሚያዞር መሆኑን ነው፤ የዶፓሚንን ተቀባዮች በቀጥታ የሚይዘው ግን በደካማው ነው። የምርቃናው ምንጭ በአመዛኙ የራሱ የአንጎል ዶፓሚን ነው ማለት ነው።

የኖርአድሬናሊን በርም እንዲሁ ስለሚናጋ የልብ ትርታ ይፈጥናል፥ የደም ግፊትም ይጨምራል። በብልቃጥ ያለ ሕዋስ ግን ልብ የለውም፥ እንቅልፍም አያጣም፥ ዱካክም አይመጣበትም። ጫት የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ከብልቃጡ ወጥቶ ሰውን መመርመር ያስፈልጋል።

ጫት በወሎ ለአንዱ የዱዓ አጋዥ፥ ለሌላው የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ ከማሞገስም ከመንቀፍም በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባናል እንላለን።