ስለ ካጋዋ አገር ኩሬዎችና ስለ ስንዴ ምግባቸው

ሺኮኩ በሚባለው የጃፓን ደሴት በሰሜን በኩል ካጋዋ የሚባል ግዛት አለ፤ የጥንት ስሙ ሳኑኪ ነው። በስፋቱ ከጃፓን ግዛቶች ሁሉ ያንሳል። ዝናም የሚያመጣውን ነፋስ በሰሜንም በደቡብም ተራሮች ስለሚከለክሉት ዝናሙ ጥቂት ነው፤ ወንዞቹም አጫጭሮች ስለ ሆኑ ውሃው ሳይቈይ ወደ ባሕር ይወርዳል። ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ውሃውን በኩሬ ያከማቻል፤ ዛሬም በዚያ ጠባብ ምድር ከ10000 የሚበልጡ ኩሬዎች ይገኛሉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማንኖ የሚባለው ነው፤ 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። መጀመሪያ የተሠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ከ701 እስከ 704 ዓ.ም. ባለው ዘመን ነው ይባላል። በ818 ዓ.ም. ግድቡ ፈረሰ። ከቤተ መንግሥት የተላከው ሹም ሠራተኛ ስላነሰው ሥራውን መፈጸም አልቻለም። የአገሩ ሹማምንትም ሕዝቡ እንደ አባት የሚያከብረው የዚያው አገር ተወላጅ፣ መነኵሴው ኩካይ፣ እንዲላክላቸው ለመኑ። ኩካይ በ821 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ ሕዝቡ በፈቃዱ ተሰበሰበ፤ ግድቡም ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አለቀ።

በ1184 ዓ.ም. ግን እንደ ገና ፈረሰ፤ የሚያነሣውም ስለ ጠፋ ከ400 ዓመት በላይ ፈርሶ ቀረ። ውሃ ተኝቶበት በነበረው ስፍራ እርሻ ታረሰ፤ መንደርም ተሠራ። ኋላ ኒሺጂማ ሃቺቤ የሚባል የሥራ ዐዋቂ ከ1628 እስከ 1631 ዓ.ም. አሳደሰው። በ1854 ደግሞ ፈረሰ፤ በ1870 ታደሰ።

ውሃ ባነሰ ጊዜ ጠብ እንዳይነሣ ገበሬዎቹ ውሃውን በዕጣን ይከፍሉ ነበር፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ እርሻ የተመጠነው የዕጣን በትር ነዶ እስኪያልቅ ውሃው ወደዚያ እርሻ ይፈሳል፤ ባለቀ ጊዜ ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል።

ሩዙ ከታጨደ በኋላ በዚያው ማሳ ብዙ ውሃ የማይሻውን ስንዴ ይዘሩ ነበር። ኡዶን የሚባለው የታወቀው ምግባቸው ከዚህ ተገኘ፤ የስንዴ ዱቄት በጨው ውሃ ይለወሳል፣ በእግር ይረገጣል፣ ተዘርግቶም እንደ ጠፍር በቀጭኑ ይቈረጣል፤ ከተቀቀለም በኋላ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ በተሠራ መረቅ ይበላል። ዛሬ አብዛኛው ስንዴ ከአውስትራሊያ ይመጣል፤ ሆኖም የግዛቱ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ ለዚህ ምግብ የሚስማማ የራሱን የስንዴ ዘር አውጥቷል።

ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ከዮሺኖ ወንዝ ተራራ ተበስቶ የሚመጣ ውሃ ግዛቱን ይረዳል፤ ኩሬዎቹ ግን አልተተዉም። የማንኖም በር በየዓመቱ ሰኔ 8 ቀን በሥርዓት ይከፈታል። ግድብ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥበቃው ግን የየዓመት ሥራ ነው። ይህ በተዘነጋ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያ 400 ዓመት ለሹምም ለባለ ርስትም ያስረዳል።