ጋደም ያለው ፈገግታ

ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የቅንፍ መዝጊያ፦ :-) አንገትን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ላየው ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ነው። አሠራሩ ይኸው ነው። (ቃልን ከቃል መለየት ትተንባት ሥራ የፈታችው ሁለት ነጥባችን ዓይን ሆና እንጀራ ማግኘቷ ደስ ይለኛል።)

ስለ ትርጉሙ ግን ሰው ሁሉ ይሳሳታል። :-) ደስታ፣ :-( ኀዘን ይመስለዋል። ሲወለዱ እንዲያ አልነበሩም። በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በኮምፒውተር መልእክት የሚለዋወጡበት ሰሌዳ ነበራቸው። አንዱ በፊዚክስ ሙከራ ሰበብ አሳንሰሩ በሜርኩሪ ተበክሏል ብሎ ቀለደ፤ አንዳንዶች የምር አደጋ መሰላቸው። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩ ስኮት ፋልማን መስከረም 19 ቀን በነሱ አቆጣጠር መላ አመጣ፦ ቀልድ ከሆነ :-) ይጻፍ፤ ቀልድ ካልሆነ :-( ይጻፍ። ኮስታራው ፊት «የምሬን ነው» ማለት ነበር። ኀዘኑን የጨመርንበት እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን። ያ መልእክት ራሱ ጠፍቶ ኖሮ በ2002 ከአሮጌ የመጠባበቂያ ቴፕ ተፈልጎ ተገኘ።

የኛ ሰው ቀልድን በምልክት ለመለየት ባዳ አይደለም። በሰዋስው መጻሕፍታችን ከሥርዓተ ነጥቦች መካከል ትእምርተ ስላቅ አለች፤ የተዘቀዘቀች ቃለ አጋኖ፦ ¡ ከፈገግታው የምትለየው ይቅርታ ባለመጠየቋ ነው። :-) «እንዳትቀየሙኝ» ይላል፤ ¡ ግን ሽሙጡን ሽሙጥ ብላ ታልፋለች።

አንድ ቀን የአክስቴን ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄ «ሰዓት አክባሪነትሽማ የሚደነቅ ነው» ብዬ ላክሁላት። «አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች፤ በሚቀጥለውም ቀጠሮ ያንኑ ያህል አስጠበቀችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምልክቷን ነፍጌአታለሁ።

ደግሞ ሰውን ዘልፎ ጫፉ ላይ :-) ጣል የሚያደርግ አለ። ስድብ በቅንፍ አይታጠብም። ለቅሶ ደራሽም :-( ን ይተዋት፤ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ይሻላል።

ማሽሟጠጥ ሲያምራችሁ ቃለ አጋኖዋን ተጭናችሁ ጥቂት ቆዩ። በብዙ ስልኮች ላይ ¡ ከእሷ ሥር ትወጣለች።