የዘገየ ካሳ ማንን ይጠቅማል?

በመኪና አደጋ አባወራው የሞተበት ቤት ለቅሶው ሳያበቃ ሽማግሌ ይላክበታል። ሹፌሩ ታስሯል፣ ባለንብረቱ መኪናውን ሥራ ማስገባት ይፈልጋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ የወር ቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። ብዙ የሕግ ሰዎች ይህን ጥድፊያ አይወዱትም። እኔ ግን የካሳ ጉዳይ በስምምነት ቢያልቅ ይበጃል እላለሁ፤ የምለውም ሒሳቡን አይቼ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1751 ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እኛ ለዘብ አድርገን 20 በመቶ እንያዝ። ዛሬ 100,000 ብር የሚገባው ቤተሰብ ሦስት ዓመት ተከራክሮ፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታስቦለት እንኳ፣ 127,000 ብር ይቀበላል። ይህ ገንዘብ በዛሬ ዋጋ 73,500 ብር ገደማ ነው። ከካሳው ሩብ በላይ የሆነው በቀጠሮ ብዛት አለቀ ማለት ነው። ከፋዩ በበኩሉ ክርክሩ በተራዘመ ቁጥር ያተርፋል። ይህ ሚዛን እስካልተስተካከለ ድረስ ባለዕዳው ለመቸኮል ምንም ምክንያት የለውም።

ስምምነት ሌላም በር ይከፍታል። የሕጉ አንቀጽ 2116 ለህሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጣሪያው የተቀመጠው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬም ዳኛውን ያስረዋል። በፈቃዳቸው የሚስማሙ ሰዎች ግን ከዚያ በላይ ቢስማሙ ማንም አይከለክላቸውም።

ችግሩ ሽምግልናው ላይ የሚጠራው ገንዘብ ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ነው። ሟቹ በወር 8,000 ብር የሚያገኝ የባጃጅ ሹፌር ነበር እንበል። ግማሹን ለቤተሰቡ ያውል ነበር፤ የመጨረሻ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው 10 ዓመት ቀርቶታል። 4,000 በ12፣ በ10 ሲባዛ 480,000 ብር ይሆናል። በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል መጠኑ ቢቀነስ እንኳ፣ ሽማግሌው «100,000 ብር ተቀበሉና ይቅር በሉ» ሲል ሚስቲቱ የምትተወውን ማወቅ አለባት። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። የጣሪያው ልክ ምንም ይሁን ምን፣ ከእሱ የሚተርፈውን የሚሸፍነው ባለንብረቱ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የራሱ ጥፋት ባይኖርም ኃላፊ ያደርገዋልና።

መድን ኩባንያው በሌለበት የሚደረግ ዕርቅም ያስፈራኛል። የመድን ውሎች በተለምዶ ደንበኛው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት እንዳያምንና ክፍያ እንዳይስማማ ይከለክላሉ። ባለንብረቱ በቅን ልቦና ከፍሎ ኩባንያውን ሲጠይቅ «አላማከርከንም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የኩባንያው ተወካይ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ።

የተጎዳው ሰው በሕይወት ካለ ጥንቃቄው ይበዛል። ስምምነት በአንቀጽ 3312 ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ስለሚቆጠር፣ የሕክምና ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይገልጽ መፈረም አይገባም። በሌላ በኩል «ነገ እንጨርሳለን» እየተባለ ጊዜ ሲገፋ፣ ካሳ መጠየቂያው ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ድርድሩ እየቀጠለ ክሱን በጊዜው መክፈት ጠብ መፈለግ አይደለም። ስምምነቱ ሲገኝም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ይጽደቅ፤ ከፋዩ ቢያፈገፍግ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

የወንጀሉ ጉዳይ የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ዕርቁ አያስቀረውም፤ ካሳ መክፈሉ ግን ለሹፌሩ ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል።

ከሕግ አውጪው የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። መድን ኩባንያዎች የፖሊስ ሪፖርት በደረሳቸው በተወሰነ ቀን ውስጥ ስሌት ያለው የክፍያ ሐሳብ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይገደዱ። የካሳ ወለዱም ከ9 በመቶ ወጥቶ ከዋጋ ንረቱ ጋር ይያያዝ፤ ያን ጊዜ ከፋዩም ቀድሞ መስማማት ያዋጣዋል።