ወደ ጊዲቾ ደሴት ከመሻገርዎ በፊት

ከሶዶ ተነሥተው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ወርደው የሚያውቁ ከሆነ በስተግራዎ ያንን ሰፊ ቀይ ውኃ ሳያዩት አልቀሩም። አባያ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያቀላው ከደጋው እየታጠበ የሚገባው አፈር ሲሆን፣ ከዚያ አፈር ጥቂቱ የእኛው የወላይታ ማሳ ነው፤ ብላቴም የሚፈስሰው ወደዚሁ ሐይቅ ነው። በላዩ ላይ አሩሮ፣ ጊዲቾ፣ ወለጌ የሚባሉና ሌሎችም ደሴቶች አሉ።

ከዓመታት በፊት ከወጣቶች ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። ዘመርን፣ በላን፣ ፎቶ ተነሣን። ያገኘነው ባለ ጀልባ ከእኛ ጋር ወላይትኛ፣ ሙዝ ከምትሸጠው ሴት ጋር ጋሞኛ፣ ከሾፌራችን ጋር ደግሞ አማርኛ ይናገር ነበር። ከገዛ ልጁ ጋር ሲነጋገር ግን አንዳችንም የማናውቀውን ቋንቋ ተናገረ። ያ ቋንቋ ምን እንደሚባል የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም፤ መሪ የነበርኩት እኔም አልጠየቅሁም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

ሳይጠይቁ የሄዱት እኛ ብቻ አይደለንም። ጣሊያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ሲደርስ ሐይቁን ባገሩ ንግሥት ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰየመው፤ በካርታ ላይም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ስም ተጽፎ ኖረ።

እንግዲህ ጊዲቾ ላይ የሚኖረው ማን ነው? በውጭ ያለነው ሁሉንም «ጊዲቾ» ብለን እንጠራቸዋለን እንጂ ደሴቱ የሁለት ሕዝቦች መኖሪያ ነው። አንዱ ሐሮ ይባላል፤ ቋንቋው የኦሞቲክ ወገን ሲሆን ለኮሬና ለዘይሴ ቅርብ፣ ለወላይትኛም የሩቅ ዘመድ ነው። ዶ/ር ሂሩት ወልደማርያም፣ በኋላ ሚኒስትር የነበሩት፣ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ቋንቋ ሰዋስው ላይ ነው። ሁለተኛው ሕዝብ ባይሶ ነው። የባይሶ ቋንቋ ዘመዶች በአካባቢው የሉም። ኩሻዊ ሲሆን የሚዛመደው ከሶማሊኛ፣ ከአርቦሬና ከዳሰነች፣ እንዲሁም ኬንያ ካለው ከሬንዲሌ ጋር ነው። ባይሶዎች ከደሴቱ ሌላ በምዕራቡ ዳርቻ አልጌ በተባለ መንደርም ይኖራሉ። ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

የዚህን ቋንቋ አንድ ነገር ልንገርዎት። በአማርኛ «አንበሳ» እና «አንበሶች» ብለን እንጨርሳለን። ባይሶ ግን አራት መንገድ አለው። ቁጥሩን ሳይወስን ስለ አንበሳ ሲያወራ ሉባን፣ አንድ አንበሳ ሲል ሉባንቲቲ፣ ጥቂት አንበሶች ሲል ሉባንጃ፣ ብዙ አንበሶች ሲል ሉባንጆል ይላል። «ጥቂት» ለሚለው ብቻ የተለየ ቅርጽ ያላቸው ቋንቋዎች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ሪቻርድ ሄይዋርድ ይህን ከጻፈ ወዲህ ባይሶ በዓለም የሥነ ልሳን መጻሕፍት ውስጥ በምሳሌነት ይጠቀሳል። በሩቅ አገር ያለ ተማሪ የሚያጠናውን ቋንቋ እኛ ከበራችን ሥር ሆኖ ስሙን አልጠየቅንም!

ስለ ጉማሬም መናገር አለብኝ። የሐሮ ሰዎች ከዓሣ ማስገርና ከእርሻ ጋር በቀድሞ ዘመን ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ በዚህም ጎረቤት ንቋቸዋል። ጣና ዳር ያሉትን ወይጦዎች ያስታውሱ። እነርሱም ጉማሬ ስለሚበሉ ሲገፉ ኖረው፣ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። እዚሁ ቅርባችን ደግሞ በጫሞ ሐይቅ ደሴት ይኖሩ የነበሩት ጋንጁሌዎች ደሴታቸውን ለቅቀው ወደ ዳርቻው ወጥተዋል። ቋንቋ የሚሞተው ተናጋሪው ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ልጁ በገበያ ሲናገረው ካፈረም ይሞታል። ስለዚህ «ጉማሬ በሊታ» የምትለዋን ቀልድ ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ዳር ይተዋት።

እኛ የወላይታ ሰዎች ይህን ማንም ሊያስረዳን አይገባም። በ1992 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለው የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ምን እንደሆነች የምናስታውስ ብዙ ነን። ሰው ሞቷል፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ አዲስ ኪዳኑ ከዚያ በፊት በ1981 ወጥቶ ነበር። እናቶቻችን በራሳቸው ቋንቋ ሲነበብላቸው ያለቀሱትን እንባ ያየ ሰው፣ ጊዲቾ ላይ ቆሞ «ለምን ወላይትኛ አትናገሩም?» አይልም። ነገር ግን ይባላል፤ ሰምቻለሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ጳውሎስና አብረውት የነበሩት በመርከብ አደጋ ወደ መላጥያ ደሴት ሲወጡ እናነባለን። ሉቃስ የደሴቲቱን ስም ጽፏል፣ የአለቃዋንም ስም ጽፏል፤ በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው የተቀበሏቸውን ሰዎች ቸርነትም መዝግቧል። ጳውሎስ እዚያ መጀመሪያ እንግዳ ነበር። ወደ ደሴት የሚሄዱ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖቻችን ግን ብዙ ጊዜ ከጀልባው ሳይወርዱ ባለቤት ይሆናሉ፤ ማይክሮፎኑ ከእንግድነቱ ይቀድማል።

አሁን ወደ መንገዱ። ጊዲቾ ያለው በጋሞ ዞን በምዕራብ አባያ ወረዳ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁላችንም በአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነን። ከሶዶ ብርድ ወርደው በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል ያልፋሉ፤ ሙቀቱ ያስታውቃል። ወባ ስላለ አጎበር ይያዙ። የአገሬው ሰው በጥንት ጊዜ የሚሻገረው አምባች በሚባል፣ እንደ ቡሽ በቀለለ እንጨት በተሠራ ጀልባ ነበር። እርስዎ ግን ሞተር ያለው ጀልባና የመንሳፈፊያ ጃኬት ይፈልጉ፤ ሐይቁ አዞ አለበት፣ ጉማሬም አለበት፤ እግርዎን ለመታጠብ ብለው እንኳ ዳር ላይ አይጎንበሱ። በጠዋት ይሻገሩ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሣ ማዕበሉ ቀልድ አያውቅም። ፎቶ ሳያስፈቅዱ አያንሡ። ዓሣ ከቀረበልዎ ይብሉ፤ ከፍለው መሄድንም አይርሱ።

ባለ ጀልባው ከልጁ ጋር ሲነጋገር ከሰሙ ደግሞ፣ ባይሶ ይሁን ሐሮ ይጠይቁት። ከዚያም «ደኅና አደራችሁ» በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ያስተምርዎት። እስኪሻገሩ ድረስ ለመለማመድ በቂ ጊዜ አለዎት።