ልቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላስ? ከተፈጥሮ አደጋ ስለተረፉ ሰዎች የአእምሮ ጤና

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ግን ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጥር 2017 ላይ ነው። የእኔ እኩያ የሚሆን ወጣት ተመላላሽ ክፍል መጣ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።) ካርዱን ስገልጥ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው፤ የፊተኛውን ሁለት ጊዜም ያየሁት እኔው ነኝ። አንዴ "ጨጓራ" ብዬ ኦሜፕራዞል፣ አንዴ ለራስ ምታቱ ማስታገሻ ጽፌ ሸኝቼዋለሁ። ደሙም ሰገራውም ተመርምሮ ምንም የለም። የዚያን ቀን ወረፋው ቀለል ያለ ስለነበር "መቼ ጀመረህ?" የሚለውን ትቼ "ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ምን አጋጥሞህ ነበር?" አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ "ዶክተር፣ እኔ የጎፋ ልጅ ነኝ" አለኝ።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ሰኞ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች ተቀበሩ። ጎረቤቱ በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጁ ጭምር አፈሩን እየዛቀ ሰው ሊያወጣ ሲረባረብ ተራራው እንደገና ተንዶ የረዳቱን ሰው ዋጠው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት መካከል ለእርዳታ የሮጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። በአገር ደረጃ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኛም ፕሮፋይላችንን ሻማ አደረግን፣ ቪዲዮውን ሼር አደረግን፣ ከዚያ ወደየጉዳያችን ተመለስን።

የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም ጎረቤት ሊያወጣ ከሄዱት አንዱ ነበር። እሁድ ማታ ደውሎለት ነበር፤ ልጁ ሥራ ላይ ስለነበር "መልሼ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። አገሩ ደርሶ ከሌሎች ጋር ቢቆፍርም የወንድሙ አስከሬን አልተገኘም። በሳምንቱ ተመልሶ ግንባታ ሥራው ላይ ወጣ፤ ቢቀር ሌላ ሰው ይተካበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሱ ድንኳን የጣለለት፣ ልቅሶ የደረሰው አንድም ሰው የለም። ተከራይ ነው፤ እድር የለውም።

ለተወሰኑ ወራት እንደምንም ቻለው። ከዚያ በፈንታሌ አካባቢ የተጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥ መጨረሻ እየበረታ ሄዶ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን፣ ፎቅ ላይ ቆሞ እግሩ ሥር መሬቱ ተነቃነቀ። ከዚያ ወዲህ አይተኛም። የእኛን ሰፈር አስቡት፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን አምፖሉ ሲወዛወዝ ያየን ሰዎች እንኳ፣ ምንም ሳይነካን፣ ለሳምንታት አልጋው የተነቃነቀ እየመሰለን ስንባንን ከርመናል። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል ቤታቸውን ጥለው ከወጡት አሥር ሺዎች ጋር ሲነጻጸር የእኛ ምንም አይደለም። የዚያ ልጅ አካል ግን አንዴ የተማረውን ፍርሃት ነው ያስታወሰው። ጨጓራው፣ ራስ ምታቱ፣ የልቡ ምት፣ ሁሉም የዚያ ነው። እኛ አገር ሐዘን "አዘንኩ" ብሎ ሐኪም ጋ አይመጣም፤ "ጨጓራዬን"፣ "ልቤን"፣ "ወገቤን" ብሎ ነው የሚመጣው። እኔም ሁለት ጊዜ አምልጦኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአደጋ በኋላ መባነን፣ ማልቀስ፣ አለማልቀስ፣ የሰው ድምፅ ሲሰሙ መደንገጥ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ "እኔ ለምን ተረፍኩ?" ብሎ ራስን መክሰስ በሽታ አይደለም። ከአደጋ የተረፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከነዚህ የተወሰነውን ይቀምሳል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም፣ ያለ ክኒን፣ በጊዜ ብዛት ይሻለዋል። እንዴት? መጠለያና ምግብ ሲያገኝ፣ የቤተሰቡ መድረሻ ሲታወቅለት፣ አጠገቡ ሰው ሲኖር። በአስቸኳይ ጊዜ የአእምሮ ጤና ድጋፍ ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሥራውን እንደ ፒራሚድ ነው የሚያስቀምጠው፦ ከሥር መሠረታዊ ፍላጎትና ደኅንነት፣ ከዚያ ቤተሰብና ማኅበረሰብ፣ ሳይካትሪስቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ማለትም ትልቁን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ ስለ እኛው ልማድ አንድ ነገር ልበል። ሳልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። እምነቱ ቢለያይም፣ ሁሉም ሰው ባይከተለውም፣ እንደ ሐኪም ሳየው ይሄ የክትትል ቀጠሮ ነው! ሐዘንተኛው ሰው በሚረሳበት ሰዓት ላይ ቆጥሮ የሚመልስ ቀጠሮ። በሕክምና ትምህርት ቤት "ታካሚውን መቼ ትቀጥረዋለህ?" ሲሉን ከነበረው ብዙም አይለይም። ችግሩ አደጋ ሲመጣ ልቅሶ ደራሹም ራሱ ሐዘንተኛ መሆኑ ነው። መንደሩ ሙሉ ሲያዝን ማን ማንን ያጽናና? እንደዚህ ልጅ ከተማ ውስጥ ብቻውን የቀረ ደግሞ ቀጠሮውን የሚያስታውስለት የለም። አስከሬን ካልተገኘ ይብሳል፤ አልቀበረውምና ልቡ ቁርጡን አያውቅም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር "እሱ ይሆን?" ይላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ የሚባለው ነገር በሦስት ቃል ይጠቃለላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ምን እንደጎደለው እዩ፤ ብርድ ልብስ ነው? የትራንስፖርት ብር ነው? ወይስ አሠሪውን የሚያናግርለት ሰው? ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ። ካወራ ስሙት፣ ካላወራ አታስጨንቁት። "ምን አየህ? እንዴት ሞቱ? ንገረኝ ይውጣልህ" እያሉ ማስተረክ ይጠቅማል ብለን እናስብ ነበር፤ ገና በአደጋው ሰሞን ሰውን አስገድዶ ሁሉን እንዲዘረዝር ማድረግ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ጥናት አሳይቷል። "እግዜር ያመጣው ነው፣ አታልቅስ"፣ "አንተ እንኳን ተርፈሃል" የሚሉትንም ብትተዉት ደስ ይለኛል። ክፋት የለውም፤ ግን አፍ ያዘጋል።

እባካችሁ ደግሞ "ይተኛበት" ብላችሁ ዲያዜፓም ከየቤቱ እየፈለጋችሁ አትስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአደጋው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለጭንቀቱም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ ይህን መድኃኒትና መሰሎቹን አይመክርም፤ ሱስ ያስይዛል፣ ማገገሙንም አያፋጥንም።

ልጆችን በተመለከተ፦ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ከእናቱ ጉያ አልላቀቅ ያለ፣ "መሬት ተናደ" እያለ በጭቃ የሚጫወት ልጅ አትቆጡ። "አባባ ሩቅ አገር ሄዷል" አትበሉት፤ ባጭሩና በሚገባው ቋንቋ እውነቱን ንገሩት። ትምህርት ቤት ቶሎ መመለሱ ከብዙ ምክር ይበልጣል። የአደጋ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፣ መርዶ ያልደረሰው ዘመድ ጂዳ ወይም ቤይሩት ቁጭ ብሎ ሊያየው እንደሚችል አስቡ። እኛ መርዶን በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው አሰባስበን የምንናገር ሕዝብ ነን፤ በቲክቶክ አናድርገው።

ሐኪም ጋ መቼ? ከአንድ ወር በኋላም አደጋው በቅዠትና በቁም እየተመለሰበት ከሆነ፣ ቦታውን ወይም ወሬውን ከሸሸ፣ ሁልጊዜ እንደደነገጠ ከሆነ፣ ሥራና ቤቱን ማስተዳደር ካቃተው ፒቲኤስዲ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፤ ድብርትም አብሮ ይመጣል። መጠጥና ጫት ካበዛ ችላ አትበሉት። "ብሞት ይሻለኛል" ካለ ወይም ራሱን ለመጉዳት ካሰበ ግን ወር አትጠብቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል አምጡት። በብዙ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠነ ባለሙያ አለ። የንግግር ሕክምና አለ፣ አስፈላጊ ከሆነም መድኃኒት አለ። ጸሎቱንም አታስቀሩ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ልጁን ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር አገናኘሁት። ከመውጣቱ በፊት "እዚህ አዲስ አበባ ይሄን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ?" አልኩት። የለም። "ላንድ ሰው ብቻ ንገር" አልኩት።

ለአከራዩ ነገራቸው። እትዬ ደግሞ ለእድራቸው ሴቶች ነገሩ። ወንድሙ በሞተ በስድስተኛው ወር፣ እሁድ ከሰዓት፣ በማያውቁት ልጅ ጠባብ ክፍል አሥራ ምናምን ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ ልቅሶ ተደረሰለት። አንዷ እናት "ወንድምህ ማን ይባል ነበር?" ብለው ጠየቁት። ስሙን ጮክ ብሎ ሲጠራው ከሐምሌ ወዲህ ያን ቀን የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ።

እንቅልፉ ገና አልተስተካከለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ክትትሉን ይመጣል። ኦሜፕራዞሉን ግን አቁሟል።