የአሮጌው ላንድክሩዘር የፊት እግር

ስለ ሰማንያው ላንድክሩዘር ሞተር የማያወራ ሹፌር የለም። ስለ ፊት እግሩ የሚያወራ ግን ብርቅ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ቶዮታ ይህን መኪና ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ስድሳው ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከተለው መቶው ደግሞ በአብዛኛው የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሆኑ። ሰማንያው ወፍራሙን ሙሉ አክስል ሳይተው ባሌስትራውን ብቻ በሞላ ተካ። በዚህም ድንጋይ ላይ ጎማው መሬት አይለቅም፣ አስፋልት ላይም ተሳፋሪ አያንገላታም። ደግሞም አንድ ትጉህ ሰው ግቢው ውስጥ በገዛ እጁ ፈትቶ ሊገጥመው የሚችል እግር ነው።

ክፍሎቹ ብዙ አይደሉም። ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ የሞላውን ዝላይ ያበርዳል። ሁለቱ ብራቾዎች አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር ያስሩታል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው የፓናርድ ዘንግ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በመሪው ዘንጎች ጫፍ ቴስቲኒዎች አሉ። ብራቾዎቹና ፓናርዱ የሚታሰሩት በላስቲክ ቡሽ ነው፤ በእያንዳንዱ ብራቾ ሦስት፣ በፓናርዱ ሁለት፣ በድምሩ ስምንት። የእኔ ጉዳይ ከእነዚህ ስምንቱ ጋር ነው።

እኔ ያለሁባት የኦማኗ መስካት ለላስቲክ ምሕረት የላትም። በመስካት ግዛት ያለችው ቁረያት እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ሌሊቱን ጨምሮ ለ24 ሰዓት ሙቀቷ ከ42.6 ዲግሪ ሳይወርድ ቀርቶ የዓለም መነጋገሪያ ሆና ነበር። እንዲህ ባለ አገር ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከባሕሩ የሚነሳው ጨው ደግሞ ቡሎኑን ከቡሹ ብረት ጋር በዝገት ያጣብቀዋል። የዕረፍት ቀኖቹ ዓርብና ቅዳሜ ሲደርሱ ያው መኪና ወደ ዋዲ በኒ አውፍ ሸለቆ ይወጣል፤ ወይም ብርካት አል-ሞዝ ላይ ፖሊስ ባለ ሁለት ጎማ ጉልበት መኪና በሚመልስበት በጀበል አኽዳር ተራራ መንገድ ይወጣል። ኮረኮንቹ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ፍሬን ሲያዝ ከሥር «ጓ» ይላል፣ ቀጥ ባለ መንገድ መሪው እየዋለለ ያስቸግራል፣ ጉድጓድ ሲመታ ፊቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና ሮጦ አሞርዛተር ይገዛል። ወገኖቼ፣ አሞርዛተር አክስል አያስርም! ቡሹ ያለቀ መኪና አራት አዲስ አሞርዛተር ቢገጠምለት መዋለሉን አይተውም። መጀመሪያ አንድ ሰው ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው በጎማው እንደቆመ መሪውን ወዲያና ወዲህ ቶሎ ቶሎ ያዙር፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ የፓናርዱን ሁለት ጫፎች ይመልከት። ቡሎኑ በቡሹ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ለዚህ ምርመራ የሚከፈል ሳንቲም የለም።

ዕቃው መስካት ውስጥ ዋዲ ከቢር በሚባለው ሰፈር ይገኛል። የአዲስ አበባን ሶማሌ ተራ ለሚያውቅ ሰው መንገዱ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ የሚከራከሩት በአረብኛና በኡርዱ መሆኑ ነው። ሙልኪያውን፣ ማለትም የመኪናውን ሊብሬ፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻንሲው ቁጥር ላይ መኪናው ቤንዚን ይሁን ናፍጣ ስለሚታወቅ ሻጩ ሞላውን አያሳስትም። ሞላ ላይ መቆጠብ ይቻል ይሆናል፣ ቡሽ ላይ ግን ዋናውን ግዙ።

ሥራው የክረምት ሥራ ነው፤ የመስካት ክረምት ማለቴ ነው፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ። የኦማን ሕግ ከጁን እስከ ኦገስት ከቀኑ 6:30 እስከ 9:30 የግንባታና የሜዳ ሠራተኞችን ከፀሐይ ያስወጣል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰውም ይህን ሰዓት ያክብር። መኪናው በክሪክ ይነሳል፣ ከዚያ ሻንሲው በሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባውን ሰው ሳይ ልቤ ይቆማል፤ የክሪክ ጎሚኒ ሲበጠስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አሞርዛተሩ ተፈትቶ አክስሉ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሞላው በእጅ ይወጣል። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር ግን በየደረጃው እዩት። የድሮውን ቡሽ ለማውጣት ፕሬስ ያስፈልጋል፤ ብራቾውን ፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ይሻላል። በእሳት የሚያቃጥሉት አሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ብረቱም ይጎዳል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ። አብዛኛው ሰው ቡሽ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ይመስለዋል። አይሽከረከርም። የቡሹ ላስቲክ ከውስጥም ከውጭም ከብረት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ብረት ነክሶ ይይዘዋል፤ የውጪው ብረት ከብራቾው ጋር ነው። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ በመካከል ያለው ላስቲክ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ቡሎኑ የጠበቀበት ሁኔታ ለላስቲኩ የዕረፍት ቦታው ይሆናል።

መኪናው በካቫሌቶ ላይ ሳለ አክስሉ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁኔታ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ «ዕረፍቴ ይህ ነው» ብሎ ተንጠልጥሎ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዝና እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ብራቾው 1 ሜትር ቢረዝምና አክስሉ 10 ሴንቲ ሜትር ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ ላስቲኩ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ 6 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዞ ይኖራል። ጉድጓዱ ሲመጣ ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመርበታል። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የተገጠመ አዲስ ቡሽ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል፣ ባለቤቱም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እያለ ሻጩን ያማል።

ሲብ ውስጥ በአንድ ግቢ ስንሠራ አንድ የአገሬ ልጅ፣ ሹፌር ነው፣ መፍቻውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አሁኑኑ ጥርቅም አላደርገውም?» አለኝ።

«ቆይ ወንድሜ፣ ዳዶውን በእጅህ ብቻ አስይዘው።»

ጎማዎቹን አስረን አወረድነው። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋነው፤ ሞላው ቦታውን ያዘ። ከዚያ ልጁ ከሥር ገብቶ ስምንቱንም አጠበቀ። ላንድክሩዘር ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማው መሬት ላይ እያለም መፍቻ ይገባል፤ ሰበብ የለም። የማይመች ከሆነ ካቫሌቶውን ከሻንሲው ወደ አክስሉ ማዛወር ነው፤ ያኔም ሞላው ክብደቱን ይሸከማል።

ሌላው ልማድ ቡሹን ግራሶ መቀባት ነው። እባካችሁ ተዉት። የነዳጅ ዘይት ያለበት ግራሶ የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያበሰብሰዋል። ግራሶ የሚፈልገው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራው ቡሽ ነው፤ እሱ ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ በእርግጥም ይሽከረከራል፣ የሚመጣውም ከራሱ ግራሶ ጋር ነው። ለመስካት ሙቀት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ላስቲኩን እመርጣለሁ፤ የኮረኮንቹን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው።

ቴስቲኒ ከተቀየረ የጎማዎቹ አቅጣጫ መለካት አለበት። በሙሉ አክስል ላይ የሚስተካከለው ይሄ ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ በሜትር ተለክቶ አላይመንት ቤት እስኪደረስ ድረስ ያገለግላል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የሁሉም ቡሎን ጥብቀት እንደገና ይታይ። የቴስቲኒው ኮፒሊያ ግን አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይደረግ፣ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።