ፍልፈል፦ በእንሰት ሥር የሚኖረው ፈጣን ቆፋሪ

በጉራጌ፣ አገና ዙሪያ ባሉት የእዣ መንደሮች እንሰት ከጓሮ አይጠፋም። ታዲያ አንዳንድ ማለዳ፣ በደህና ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ እንሰት ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ዘመም ብሎ ይገኛል። ገፋ ሲያደርጉት ይወድቃል። አሚቾው፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለው የሚበላው ክፍል፣ ተቦርቡሮ አልቋል። አጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል ካለ፣ የጥፋቱ ባለቤት ፍልፈል ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በደጋማው አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ጃርትና የዱር አሳማም እንሰት ይበላሉ፤ እነሱ ግን ከላይ ስለሚመጡ ውሻ ይጮህባቸዋል፣ ዘብ ይጠብቃቸዋል። ፍልፈል የሚመጣው ከመሬት ውስጥ ነው።

ይህን እንስሳ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ፣ ጎንደር አቅራቢያ ከደምቢያ ባገኘው ፍልፈል ላይ ተመሥርቶ «ታኪዮሪክተስ ስፕሌንደንስ» የሚል ስም ተሰጠው። የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «ፈጣን ቆፋሪ»፣ ሁለተኛው በላቲን «የሚያብረቀርቅ» ማለት ነው። ፀጉሩ በእርግጥም ያብረቀርቃል።

መቆፈሪያው ጥርሱ ነው። ብርቱካናማ የሆኑት ረጃጅም የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ስለወጡ፣ ከንፈሩ ከኋላቸው ይገጥማል፤ አፈር እየነከሰም አፉ ውስጥ አፈር አይገባም። የፈረፈረውን በእግሮቹ ወደ ኋላ ይጠርጋል፤ ከዚያ ዞሮ በጭንቅላቱ ጎንና በፊት እግሩ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። ዓይኖቹ እጅግ ትናንሽ፣ ጅራቱም አጭር ነው። ጎጆው ውስጥ መኝታው፣ የምግብ ማከማቻውና መጸዳጃው ቦታ ቦታ አላቸው።

ፍልፈል ብቸኛ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዋሻ አለው፤ ወንድና ሴት የሚገናኙት ለመራባት ነው። በሞቃታማው የምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ግን ፍጹም ይለያል። እንደ ንብ በመንጋ ይኖራል፤ የምትወልደው አንዲት ንግሥት ስትሆን የቀሩት ይቆፍራሉ፣ ግልገል ይንከባከባሉ። ከ30 ዓመት በላይ የኖሩም ታውቀዋል፤ ለአይጥ ወገን ይህ የሚያስገርም ዕድሜ ነው።

የአገናው ፍልፈል የቅርብ ዘመድ በባሌ ተራሮች አለ። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ሌላ በዓለም የትም አይገኝም፤ ክብደቱም ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሣር ለመልቀም ከጉድጓዱ በግማሽ አካሉ ብቅ ይላል፤ በዙሪያው ያለውን ሰብስቦ ወዲያው ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ ይህን ያውቃል። ቀስ ብሎ ተጠግቶ፣ ደረቱን መሬት ላይ አስተኝቶ ይጠብቀዋል። ፍልፈሉን የምትከተል አንዲት ትንሽ ወፍም አለች፤ እሱ ከቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፣ አዳኝ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፤ ጩኸቷን ሰምቶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

የእንሰት ገበሬም ፍልፈልን የሚይዘው ጠባዩን አውቆ ነው። ፍልፈል ዋሻው ተከፍቶ ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት አይታገሥም፤ ሊደፍነው ይመጣል። ስለዚህ ቁልሉ ይገለጣል፣ መተላለፊያው ይከፈታል፣ ወጥመድ ይጠመዳል ወይም መቆፈሪያ ተይዞ ያለ እንቅስቃሴ ይጠበቃል። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ አዲስ አፈር እየተገፋ ይመጣል።